የራዳር ግራ ጆሮ

በጋራዣችን እንደ ወንድሜ የተከበረ ሰው አልነበረም። እንደ ወንድሜ ጆሮው የሚሸት ሰውም አልነበረም። ሁለቱ ነገር በአንድ ጭንቅላት ላይ መገኘቱ ማንንም አላስገረመም። ጋራዥ ውስጥ የሚያስገርመው የጠፋ ብሎን መገኘቱ ብቻ ነው።

ወንድሜን ራዳር ይሉታል። ስሙን ያወጡለት መካኒኮቹ ናቸው። ድንቄም ራዳር! በግራው በኩል ቆመህ ክላክስ ብትነፋበት ዞር የማይል ራዳር። እኔ የጋራዡ የመለዋወጫ ስቶር ጠባቂ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽቦ ከታጠረች አንዲት መስኮት ኋላ ተቀምጬ ለመካኒኮቹ ብሎን፣ ቺንጊያና ኩሽኔታ አቀብያለሁ። ለራዳር ታላቅ እህቱ ነኝ፤ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ እቴቴ ይለኛል። እኔ እንደ ቁጣዬ መጠን ነው የምጠራው።

ጆሮው መፍሰስ የጀመረው በአራት ዓመቱ ነው። ኩፍኝ ያዘውና ከኩፍኙ ዳነ፤ ግራ ጆሮው ግን እንደታመመ ቀረ። ትራሱ ላይ ቢጫ ነገር እየፈሰሰ ያድራል፤ ሽታው ከበር ይቀበልሃል። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ዘይት አሙቁና ጨምሩበት ትላለች። አንዱ የነጭ ሽንኩርት ውሃ ይላል። ሌላው ደግሞ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሞ እየመጣ ካልጎረጎርኩት ይላል። የባሱት፣ «ተዉት፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉት ናቸው። ሲያድግ! በሽታውም አብሮት እንደሚያድግ ማን ይንገራቸው።

መጨረሻ ላይ እናታችን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ አንዲት ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ ሰጠች። ጆሮው በጥጥ እየደረቀ፣ ጠዋት ሦስት ጠብታ፣ ማታ ሦስት ጠብታ፣ ለሁለት ሳምንት። እናታችን በማለዳ ወጥታ ሲመሽ ነው ከፋብሪካ የምትገባው፤ ስለዚህ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። ጠርሙሱ አለቀ፤ ጆሮው ግን መፍሰሱን አልተወም። «አይ ጤና ጣቢያ! ውሃ በጠርሙስ ሞልተው ሰጧት» ብሎ ሰፈሩ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪው በስተቀኝ ግድግዳ ሥር አስቀመጠው፤ ደህናው ጆሮው ለግድግዳው፣ ደንቆሮው ለአስተማሪው። ከዚያ ደግሞ ለምን አትመልስም ብሎ ይገርፈዋል። አስተማሪ ብሎ ዝም! ልጆቹ በበኩላቸው አጠገቡ ላለመቀመጥ ይጣሉ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ በቃኝ አለና ጋራዥ ገባ። እዚያ ቢያንስ ሁሉም ሰው ይሸታል።

አንድ ነገር ግን ከልጅነቱ እስከ ጋራዡ ተከትሎታል። ሰው ሁሉ ሲያመሰግነው በቀኙ ይቆማል፤ ሲያማው በግራው። መካኒኮቹ ፊት ለፊቱ «ራዳርዬ» ይሉትና ሁለት እርምጃ ወደ ግራው ዞር ብለው፣ «ዛሬስ ግማቱ አይጣል ነው» ይላሉ። ቆሞ ይሠራል፤ አይሰማም። ግራ ጎኑ ሁሉም ሆዱን የሚያራግፍበት ቦታ ሆኖ ነበር። እኔም አልቀረሁም፤ የምን መቅረት! ስናደድበት በግራው ቆሜ ስሙን አጠፋለሁ። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ሰሞን ያለቀስኩት በግራው ቆሜ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ለዚያ ጆሮ ነግሬዋለሁ። እሱ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ ነው፤ እኔ ቀለል ይለኝና ወደ ስቶሬ እመለሳለሁ።

አሁን ራዳር ወዳስባለው ነገር ልምጣ። ሞተር ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ የት ቦታ እንደሆነ ለማወቅ መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ ይወስዳል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያሳርፋል። ብረቱ ድምፁን ይዞለት ይመጣል። ይሄን ማንም ያደርገዋል። ወንድሜ ግን የጆሮው ቀዳዳ ርጥብ ስለሆነ እጀታው ይንሸራተትበታል፤ ስለዚህ ከጆሮው ኋላ ያለችው ጉብ ያለች አጥንት ላይ ያስደግፈው ጀመር። ጉድ መጣ። ሌሎቹ በመዶሻውና በኮምፕረሰሩ ጫጫታ መሃል ምኑም አልለይ ሲላቸው፣ እሱ ዓይኑን ይጨፍንና፣ «የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነው» ይላል። ሲፈታ የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነው።

ደንቆሮው ጆሮ ከደህናው በለጠ ተባለ። ተአምር ነው ተባለ። ባለ ጋራዡ መኪና ባየ ቁጥር እጁን የሚያፋትግ ሰው ነው፤ ይህንን ሲሰማ ለራዳር ወንበር አስቀመጠለት። መካኒክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደንበኛ ሲመጣ ባለ ጋራዡ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «እሽሽ! እያዳመጠ ነው» ይላል። ከረባት ያሰሩ ሰዎች መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ደፍነው፣ «ወይ ተሰጥኦ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ከሽቦዬ ኋላ ሆኜ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ይብስ ብሎ ሕክምና ከለከሉት። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ አዝናለት ከፋርማሲ መድኃኒት አመጣችለት፤ ሳምንት ዋጠው፤ ጆሮው ደረቅ አለ። በዚያው ሳምንት የአንድ መኪና ካምቢዮ ነው የተበላሸው ብሎ ካምቢዮው በከንቱ ወረደ። ያን ቀን ትኩሳት ነበረበት፤ በቅጡ መቆምም አልቻለም። ይሄን ግን ማን ያየዋል! ባለ ጋራዡ ፈረደ፤ «ድምፁን የሚያመጣው እርጥበቱ ነው። ጆሮህን ማንም አይንካብህ።» ወንድሜም አመነ። ትልቅ ሰው፣ ሚስት ያለው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ መግል ይሰማል ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ ስለ ሕክምና ያነሣሁበት እንደሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው መልሱ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ ተደግፎ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በግራ አፉ ጫፍ ወረደ።

«አፍህን ጥረግ እንጂ፣ ምን እንደ ሕፃን ታዝረከርካለህ» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ። አልተሰማውም።

ነገሩ መሳቂያ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። በዚያው ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ካቻቢቴውን አስደግፎ ሊያዳምጥ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኙ ተከደነ፤ ግራው ግን አልከደን ብሎ ነጩ ፈጥጦ ወደ ሰው ያያል። ከረባት ያሰረው ደንበኛ፣ «እንዴት ቢመሰጥ ነው!» አለ። አቤት ጅልነት! ሰውየው ፊቱ እየሞተ ነው፣ እነሱ ይደነቃሉ። «ነፋስ መትቶኝ ነው» አለኝ ወንድሜ። በሦስተኛው ቀን ምድር ዞረችበትና መኪና ሥር የምንገባበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ባለ ጋራዡ፣ «ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሆናል» አለ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም። ሚስቱ በአንድ ክንዱ፣ እኔ በሌላው ይዘን ሆስፒታል ወሰድነው። የጆሮ ሐኪሟ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። እሷን ሳይ፣ ይቺ ናት እንግዲህ የምታድነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ጆሮውን ጠርጋ፣ ፈሳሹን በምትመጥ ቀጭን ቱቦ አጽድታ፣ በማጉያ መሣሪያ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየች። አፍንጫዋን አልያዘችም። ይሄን አስተውያለሁ።

«መቼ ነው የጀመረው?» አለች።

«በአራት ዓመቱ» አልኩ።

«ያኔ ጠብታ አልታዘዘለትም? በጊዜው በደንብ ቢታከም የመድረቅ ዕድል ነበረው።»

«ታዝዞለት ነበር፤ አልሠራም» አልኩና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጆሮ ሥዕል ማየት ጀመርኩ። ማን ጠየቃት? የዛሬውን ታክም እንጂ የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቱን ምን አመጣው።

ሥዕሉን እያሳየች አስረዳችን። የጆሮው ታምቡር አልቋል። ከታምቡሩ ኋላ ቆዳ በማይገባው ቦታ ገብቶ እየተከማቸ ነው፤ ካንሰር አይደለም፣ ግን አጥንት ይበላል። ድምፅ የሚያቀባብሉትን ሦስቱን ትናንሽ አጥንቶች በልቷቸዋል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ላይ ደርሷል። ከዚያ በላይ ወረቀት የምታህል ስስ አጥንት አለች፤ ከእሷ ወዲያ አንጎል ነው።

«ጊዜ አይሰጥም» አለች። «ከጆሮዎ ኋላ ያለውን አጥንት ከፍቼ የታመመውን አወጣለሁ። ከዚያ የተረፈውን አይቼ ታምቡሩንና የድምፁን መንገድ እንደገና እሠራለሁ።»

የወንድሜ እጅ ወደ ግራ ጆሮው ኋላ ሄደ። «ይቺን አጥንት ነው?»

«አዎ፣ እሷን።»

ተነሣ። «የምበላው በሷ ነው፤ አልሰጥም» አለ።

«ይቀመጡ» አለችና ሹካ የመሰለ ባለ ሁለት ጣት ብረት ከመሳቢያ አወጣች። ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ የብረቱን እጀታ ግንባሩ መሃል አቆመችው። «የት ጋ ይሰማዎታል?»

«በግራ!» አለ በኩራት። «አየሽ እቴቴ? በግራ!»

«እኔም የጠበቅሁት ይሄንኑ ነው» አለች ሐኪሟ። «የውጭ ድምፅ የተዘጋበት ጆሮ በአጥንት የሚመጣውን ጎልቶ ይሰማዋል፤ ጫጫታው አይረብሸውማ። ይሄ ስጦታ ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው። ማንም ሰው ጆሮውን በጣቱ ቢደፍን እንዲሁ ይሆንለታል።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ይሞክሩት።»

ግራ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። ብረቱን ግንባሬ ላይ አቆመችው። ድምፁ መሃል ላይ አልቆየም፤ ዘሎ ወደ ተደፈነው ጆሮዬ ገባ። ክው አልኩ።

ወንድሜ ግን፣ «እርስዎ የተማሩት ሰው ነው፣ ሞተር አይደለም» ብሏት ወጣ። ሚስቱ እያለቀሰች ተከተለችው። ሐኪሟ ለእኔ ወረቀቱን ሰጠችኝና፣ «እንዲህ ያለውን ሰው ቀድሞ የሚያገኘው እኔ ሳልሆን አንጎል የሚያክመው ነው፤ አንዳንዱም እዚያ አይደርስም» አለችኝ። የምትለው ገባኝ።

የስቶሩ ቁልፍ በእጄ ስለሆነ ጠዋት ጋራዥ የምደርሰው ከሁሉም ቀድሜ ነው። በማግስቱ አንድ ረጅም ካቻቢቴ ከመደርደሪያ አውርጄ ወጣሁ። ወንድሜ በዋዜማው የፈረደባቸው መኪኖች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የቱ መኪና ምን ዕቃ እንደሚፈልግ ትእዛዙ እኔ ጋ ነው። የቀረኝ ድምፁን መማር ብቻ ነው። ዘበኛውን ሞተር አስነሣልኝ እለዋለሁ፤ ጆሮዬን በጣቴ እደፍናለሁ፤ እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ አስደግፋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ጉርምርምታ ነው። በሦስተኛው ቀን ያለቀ ኩሽኔታ ከደህናው ተለየልኝ። በስምንተኛው ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ፖምፓውን ከዲናሞው ለየሁ። ዘበኛው አበደች ብሎ ለሚስቱ ነግሯታል አሉ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ሚኒባስ መጣ። ሞተሩ ከፊት በኩል ያፏጫል። ባለ ጋራዡ ወንበሩን አስተካከለ፤ መካኒኮቹ ተሰበሰቡ፤ ሹፌሩ መሐረቡን አወጣ። ወንድሜ ያን ሰሞን የማይከደነው ግራ ዓይኑ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ይመጣል። እሱ ሳይቀመጥ እኔ ከስቶሬ ወጣሁ፣ ካቻቢቴዬን ይዤ።

«ደግሞ አንቺ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ ባለ ጋራዡ።

«ላዳምጥ ነው።»

ሳቁ። ይሳቁ። ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ስከት የባሰ ሳቁ። አዳመጥኩና በአንድ የኩሽኔታ ካርቶን ክዳን ላይ ጽፌ ለሹፌሩ ሰጠሁት። «እሱ እስኪናገር እንዳታየው» አልኩት። ከዚያ ወንድሜ ተቀመጠ፤ አዳመጠ፤ አንድ ዓይኑን ብቻ ጨፍኖ ቆየ።

«ዲናሞ ነው። የኋለኛው ኩሽኔታ» አለ።

ሹፌሩ ካርቶኑን ገልብጦ ጮክ ብሎ አነበበ። «ዲናሞ። የኋለኛው ኩሽኔታ።»

 ከዚያ ጎማ ሠሪው ካቻቢቴውን ከእጄ ነጠቀና ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ። «ኧረ ይሰማል! ኧረ ጥርት ብሎ ይሰማል!» አለ። ያ ሁሉ ጎልማሳ ተራ በተራ ጆሮውን እየደፈነ ሞተሩ ላይ ተኮለኮለ። ባለ ጋራዡ ራሱ ጣቱን ከተተ። ሃያ ዓመት ያመለኩት ተአምር አንዲት ጣት ሆኖ ቀረ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ደግሞ ምን ይላል መሰላችሁ? «እኔ እኮ ድሮም ታከም እያልኩት ነበር። ደንበኛም ከሽታው የተነሣ እየሸሸ ነው።» እንዲህ አለ፣ ያ «ማንም አይንካብህ» ያለው አፍ።

ወንድሜ ከወንበሩ አልተነሣም። ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ የከተቱትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው፤ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። ማሸነፍ ደስ ይላል ያለኝ ሰው ቢኖር ያን ቀን በጥፊ ባጮልኩት።

«ይሄን ያህል ትጠይኛለሽ፣ እቴቴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጠልቼህ ነው! ሂድና ታከም!» አልኩት። 

አራት ቀን አላናገረኝም። በአምስተኛው ቀን ሚስቱ መጥታ፣ «ወረቀቱን ስጪኝ ብሎሻል» አለችኝ።

ሐኪሟ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደገና አስረዳችው። አሁን በደንብ አዳመጠ፤ ነገሩን እንደ መካኒክ ነው የያዘው። «ሦስቱ አጥንቶች መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ» ስትለው ፊቱ በራ፤ ስለ ብረት የምታወራው መሰለው።

«መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» አላት።

«ከራስዎ። ታምቡሩን ከጆሮዎ በላይ ያለውን ጡንቻ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ቆርጬ እሠራዋለሁ። ለአጥንቱ ምትክ ከጆሮዎ ልም አጥንት ትንሽ እወስዳለሁ።»

«ኦሪጅናል ነዋ» አለና ወደ እኔ ዞረ። ካኮረፈኝ ወዲህ መጀመሪያ ያናገረኝ ያኔ ነው። «ስቶርሽ ውስጥ ኦሪጅናል አለ እንዴ እቴቴ?» ሚስቱ ሳቀች፤ እኔ ሽንት ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ። እኔና ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሐኪሟ ስትወጣ ጭምብሉ ፊቷ ላይ ሰምበር አውጥቷል። «ነርቩ ተራቁቶ ነበር፤ ግን አልተቆረጠም። ፊቱ ቀስ እያለ ይመለሳል። አንጎሉ አጠገብ የነበረውን ሁሉ አጽድቻለሁ» አለች። ሚስቱ እጇን ልትስም ጎንበስ ስትል ሐኪሟ ከለከለቻት። «መስማቱን ግን ቃል አልገባላችሁም። እርካቡ ተርፏል፣ በእሱ ላይ ሠርቻለሁ። ሊይዝ ይችላል፣ ላይይዝም ይችላል። ሦስት ወር እንጠብቅ።»

ራሱን በፋሻ ተጠምጥሞ ወጣ። ውሃ አይንካህ፣ በኃይል አትናፈጥ፣ ከባድ አታንሣ ተባለ። ጆሮው ውስጥ የታሸገው ነገር በስንት ሳምንቱ ሲወጣ፣ ሽታው አልነበረም። ሽታው አልነበረም! ጆሮው መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ አጠገቡ በአፍንጫዬ ስተነፍስ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ጋራዥ ሲመለስ ወንበሩን ጎማ ሠሪው ወስዶታል። እነዚያ ባለ ጣቶች ግን ጉዳቸው ፈልቶ ጠበቀው። መስማት ሁሉም ይሰማሉ፤ የሰሙት ምን እንደሆነ ማወቁ ነው የቸገራቸው። ፖምፓ ነው ብለው ፖምፓ ይወስዳሉ፣ በማግስቱ ንጹሑን ፖምፓ ይመልሱልኛል፤ ሲነገራቸው ደግሞ ጣታቸውን ይወቅሳሉ። እኔም ብሆን በዘጠኝ ቀን የለየሁት ሁለት ድምፅ ነው፤ አፌን ሞልቼ የምናገርበት አልነበረኝም። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ እሱ መመለስ ጀመሩ። እሱ አሁን እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ ያሸታል፣ ሹፌሩን ይጠይቃል፣ ይናገራል። ልክ ነው። ለካስ ያ ሁሉ ዕውቀት ራሱ ውስጥ ነበር፤ እነዚያ ደደቦች መግሉን ነበር የሚያመሰግኑት። ግራ ዓይኑም መከደን ጀመረ።

ስለ ጆሮው ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላወራ። አሁንም በቀኙ እንጮሃለን፣ በግራው እናማለን። እንደ ድሮው።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ምሳ ሰዓት። ኮምፕረሰሩ ጠፍቷል፤ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ወንድሜ ብቻውን አንድ ሞተር ላይ አጎንብሶ ብሎን ይፈታል። የጠየቀኝን ጓርኒሲዮን፣ ያቺን ስስ የሞተር ማሸጊያ፣ ይዤለት ሄድኩ። ከጆሮው ኋላ የቁስሉ ጠባሳ ቀጥ ብሎ ይታያል። በግራው በኩል ነው የቆምኩት። ሳላስበው እንደለመድኩት ጀመርኩ። በየዓመቱ አንዴ ሁለቴ እዚያው ቦታ ላይ የምለውን ነው ያልኩት።

«የነርሷ ጠብታ አልሠራም ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ ቀስ ብዬ። «አንድ ቀን ብቻ ነው የጨመርኩልህ። ጆሮህ ይሸተኛል፣ ትጮህብኛለህ፣ ጓደኞቼ በር ላይ ይጠብቁኛል። እናታችን ደግሞ ማታ ማታ ጠርሙሱን እያነሣች ታያለች። ስለዚህ ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት እየቆጠርኩ መሬት ላይ ነው የማንጠባጥበው። ሁለት ሳምንቱ እስኪያልቅ። አንዲት እንኳ አልዘለልኩም።»

መፍቻው ቆመ።

«የቱን ጠብታ ነው፣ እቴቴ?» አለኝ። ቀና አላለም።

 በኋላ ለሚስቱ እንደነገራት፣ ያ ጆሮ መስማት ከጀመረ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ በግራው የሚባለውን ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። የመካኒኮቹንም፣ የባለ ጋራዡንም ሰምቷል። ይህን ያህል ዘመን ሰፈሩን፣ አስተማሪውን፣ ባለ ጋራዡን፣ አገሩን ሁሉ ስረግም የኖርኩት እኔ፣ ወደ ቀኙ ልዞር አሰብኩ፤ ተውኩት። እዚያው በግራው እንደቆምኩ ከጠርሙሱ ጀምሬ እንደገና ነገርኩት፣ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብዬ።

ስጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገና ጓርኒሲዮኑን ተቀበለኝ።

«ሰምቼሻለሁ» አለኝ።

ሌላ ምንም አልጨመረም። እስከ ዛሬም አልጨመረም።